አያ ደምሌና የረቡዕ ወተት

ሐረገ ወይን ወተቱን ከምድጃው ስታወርድ ጎረቤቷ ምሥራቅ በሩን ይዛ ቆመች። «አያ ደምሌ አረፉ» አለቻት። ሐረገ ወይን ወተቱን መልሳ ጣደችው፤ ለምን እንደሆነ አላወቀችም።

የሰው ጾም የሚጠብቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። የመካነ ኢየሱስ ከተማን ጾም ይጠብቁ የነበሩት አያ ደምሌ ናቸው። የቅቤ ሽታ ከሦስት አጥር ማዶ ይለያሉ። ዓርብ ቀን ወፍራም ባለሥልጣን መንገድ ላይ አስቁመው «እስቲ ተንፍስልኝ» ብለዋል። ድመታቸው እንኳ ረቡዕ ረቡዕ አይጥ አትይዝም ይባላል። ሐረገ ወይን ራሷ በልጅነቷ ለአንዲት የዓርብ እንቁላል ስትል በዱላቸው እየተባረረች ሰፈሩን ዞራለች። ሕዝቡ በሌሉበት «ሊቀ ጾም» ይላቸዋል።

የሐረገ ወይን ልጅ ልደት ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። በአራት ዓመቷ ህንድ አገር ከእናቷ ጉበት ተቆርሶ ተተከለላት። ጉበቱ ለመደ። ጉበቱን ያቆየው መድኃኒት ግን አጥንቷን አሳሳው፤ አምና ክረምት ጭቃ አንሸራቷት እጇ ተሰበረ። ሐኪሙ የጾም ቀን ሳይቀር ወተት ትጠጣ አለ። የንስሐ አባቷም ፈቀዱ። ልደት ግን «ጓደኞቼ እየጾሙ? አያ ደምሌስ ቢያዩኝ?» ብላ እምቢ አለች።

አንድ ረቡዕ አያ ደምሌ ሽታውን ተከትለው መጡ። «በረቡዕ ወተት የሚፈላበት ቤት ይኸ ነው?»

ሐረገ ወይን እያለቀሰች ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ከልጅቷ ፊት ተቀመጡ።

«ጠጪ።»

«ጾም ነው፣ አያ።»

«ለኔ ነው የምትነግሪኝ?»

«እርስዎስ ይጠጣሉ?»

ስልሳ ዓመት ጾም ገድፈው የማያውቁት ሰው ኩባያውን አንስተው አንድ ጊዜ ተጎነጩ። ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊታቸውን አኮማተሩ። «በይ እንግዲህ። ኃጢአቱ የኔ፣ አጥንቱ ያንቺ።»

ልደት ጭልጥ አደረገችው።

ከዚያ ወዲህ ረቡዕና ዓርብ ቀርተው አያውቁም። ቅዳሜ ይናዘዛሉ፣ የታዘዙትን ይሰግዳሉ፣ ረቡዕ ተመልሰው ይመጣሉ። ጢማቸው ላይ የወተት ነጭ ያየ ሁሉ «ሊቀ ጾም ገደፉ!» እያለ አማ። አላስተባበሉም። አፋቸውን ጠርገው ሰው ማስተንፈሳቸውንም አልተዉም።

ቀብሩ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ሐረገ ወይን ወተቱን ቀዳች፤ እንደ እሳቸው አንድ ጊዜ ተጎንጭታ ለልጇ ሰጠቻት።

«ኃጢአቱ የኔ…» አለች።

ልደት ኩባያውን ባዶው የአያ ደምሌ መቀመጫ ላይ አኖረችው። «አንቺማ እናቴ ነሽ፤ እሳቸው ግን ምኔም ሳይሆኑ ነው የጠጡልኝ» አለች።

ምሥራቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በር ላይ ትጠብቃለች። ዛሬ ረቡዕ ነው። ልደት ወተቱን አልጠጣችም።