ያለ ጋሽ ታደሰ አንመርጥም

ሚኒሶታ ውስጥ ምርጫ ከዋናው ቀን ሳምንታት ቀድሞ መጀመሩ ለእኛ ለሐበሾች ታስቦ የተደረገ ይመስለኛል። እስቲ አስቡት። ለምሳ የተጠራበት ሰርግ ላይ ለእራት የሚደርስ ሕዝብ አንድ ቀን ብቻ ቢሰጠው ምን ሊሆን ነበር? በማግስቱ ከረባቱን አስሮ መጥቶ፣ በሩ ተዘግቶ ሲያገኘው «ሳትጠብቁኝ ጨረሳችሁ እንዴ?» ብሎ የሚቀየመው ስንቱ ነው። መንግሥት ይህን ያወቀ ይመስል ሰፋ አድርጎ ሳምንታት ሰጠን። እኛም ሳምንታቱን በሙሉ «የፊታችን ቅዳሜ እንሄዳለን» ስንል ከረምን።

ያቆየን ግን ስንፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያቆየን ፍቅር ነው። ፍቅርና ይሉኝታ እኛ ዘንድ የት ላይ እንደሚለያዩ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ፤ እኔ እስካሁን ድንበሩን አላገኘሁትም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። እኔ ፕሊማውዝ አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሳሽግ ውዬ፣ ሪችፊልድ ወዳለው አፓርታማዬ ስመለስ ጫማዬን ከማውለቅ ሌላ ምኞት የሌለኝ ሴት ነኝ። ፖለቲካ ውስጥ የገባሁት እምቢ ማለት ስለማልችል ነው። ሲስተር ሰብለ የምትባል ነርስ የፓርቲዋን ድጋፍ አግኝታ ለከተማው ምክር ቤት ልትወዳደር ተነሣች። ሲስተር ሰብለ ልጄን ስወልድ እጄን ይዛ አብራኝ ያማጠች ሰው ናት። «ትንሽ ታግዢኛለሽ?» ስትለኝ ምን ልበላት? ቅዳሜ ሲደርስ ደረቴ ላይ ስሟን ለጥፌ፣ እቅፍ ሙሉ ወረቀት ይዤ የሰው በር ማንኳኳት ጀመርኩ።

የዘመቻው ኃላፊ ገና ኮሌጅ የጨረሰች ፈረንጅ ናት። «አንድ በር ላይ ከሁለት ደቂቃ በላይ አትቁሚ» አለችኝ። ምስኪን! የሐበሻ በር አንኳኩቶ በሁለት ደቂቃ መመለስ ማለት ተጣልቶ መመለስ ማለት እንደሆነ በየትኛው ትምህርት ቤት ይነግሯታል? መጀመሪያ ትገባላችሁ። ከዚያ ትቀመጣላችሁ። ከዚያ የማን ዘመድ እንደሆናችሁ ይጣራል። ምግብ ሲቀርብ «በልቻለሁ» ትላላችሁ፤ የሚሰማችሁ የለም። ስለ ቤት ኪራይና ስለ ምክር ቤቱ ሥልጣን መናገር የሚቻለው እጅ ከታጠበ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ባለቤቱም እንግዳውም እንቅልፍ እንቅልፍ ይላቸዋል። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ውጤት ሳሳያት ኃላፊዋ ወረቀቱን ገለባብጣ አየችና መልሳ ሰጠችኝ። እኔ ግን ጠግቤ ነበር።

ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ጋሽ ታደሰ ይኖራሉ። ስልሳን የተሻገሩ፣ ከሴንት ሉዊስ ፓርክ ወደ እኛ ሕንጻ የመጡ፣ ኤርፖርት አካባቢ መኪና ማቆሚያ ውስጥ የሚሠሩ ሰው ናቸው። የአሜሪካን ፖለቲካ እንደሳቸው የሚተነትን አላየሁም። የትኛው ክፍለ ግዛት ወደየት እንዳዘነበለ፣ የትኛው እንደራሴ ከየትኛው ጋር እንደተኳረፈ ሁሉ ያውቃሉ። ሻይ ቤት ሲገቡ «ሴናተሩ መጡ» ይባላል፤ እሳቸውም ሹመቱን አይቃወሙም። ሲስተር ሰብለ ልትወዳደር መሆኑን የሰሙ ዕለት ነዋሪውን በሙሉ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ሰብስበው ንግግር አደረጉልን። «ኪራይ በየዓመቱ ሲጨመርብን በየቤታችን እናጉረመርማለን። ግድግዳ አይመርጥም! ለግድግዳ የሚነገር ነገር ለማን ይደርሳል?» አሉ። ልብስ ልታወጣ የመጣች አንዲት ሶማሌ ሴት ሳትቀር አማርኛውን ሳትሰማ ራሷን ነቀነቀች።

ስለዚህ አንድ ላይ ሄደን እንምረጥ ሲባል፣ ከፊት ማን እንደሚሄድ ያጠያየቀ የለም።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ጋሽ ታደሰ ወገባቸውን አመማቸው። የጎን ጎረቤቴ ዘይነባ «ያለ ጋሽ ታደሰማ አንመርጥም!» አለች፤ ሁሉም ተስማማ። ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፣ ሆስፒታል ውስጥ አስተርጓሚ ሆና ትሠራለች፤ ዶክተሩ አንድ ቃል ከተናገረ እሷ ምክርና ተግሣጽ ጨምራ ነው የምታስተላልፈው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጋሽ ታደሰ ድንገት ሥራ ገጠማቸው። ጠበቅናቸው። ከዚያ ደግሞ ለቅሶ መድረስ ነበረባቸው። አሁንም ጠበቅናቸው። የዘመቻው ኃላፊ ስልክ ስትደውል «ሰዎችሽ መረጡ?» ትለኛለች፤ እኔ «ወገባቸው እስኪሻላቸው ነው» እላለሁ፤ እሷ የስንት ሰው ወገብ እንደሆነ ሳይገባት ትዘጋዋለች።

የመጨረሻው ቅዳሜ ሲመጣ ትዕግሥቴ አለቀ። ላይ ወጥቼ በር አንኳኳሁ፣ ካፖርታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግሁ፣ ክንዳቸውን ይዤ አወረድኳቸው። «ልጄ፣ እናንተ ቅደሙ፣ እኔ በኋላ እደርሳለሁ» ቢሉኝ ጆሮ አልሰጠሁም። የዘይነባ ቫን ውስጥ አስገባኋቸው። እንደ ወትሮው ቢሆን ሹፌር የሚያርሙ፣ መንገድ የሚያስመርጡ ሰው ናቸው። ያን ቀን እስከ ከተማው አዳራሽ ትንፍሽ አላሉም። እኔ ደግሞ ለታሪካዊው ቀን እየተዘጋጁ መሰለኝ።

አዳራሹ ውስጥ አንዲት ነጭ ፀጉር ያላት ደግ ፈረንጅ ተቀበለችን። የሁላችንም ስም ተገኘ፤ የጋሽ ታደሰ የለም። ሴትዮዋ «ምንም ችግር የለውም፣ አሁን እዚሁ እንመዘግብዎታለን» አለች። መንጃ ፈቃዳቸው ላይ ያለው አድራሻ የድሮው ነው። እሱም ችግር የለውም፤ እዚህ አገር ጎረቤት ቀርቦ «አዎ፣ እዚያ ሕንጻ ውስጥ ይኖራል» ብሎ በመሐላ ከፈረመ ይበቃል። ዋስ ማለት አይደል? ዋስ መሆን ደግሞ ለእኛ ማን ብሎን። «እኔ አለሁ!» አለች ዘይነባ። «እኔም!» አለ ከኋላዋ ያለው። አዳራሹ ውስጥ የዋስ ሰልፍ ተሠራ። ሴትዮዋ አንድ ሰው በቂ እንደሆነ ለማስረዳት ተቸገረች።

ጋሽ ታደሰ የመመዝገቢያውን ወረቀትና እስክሪብቶውን ተቀበሉ። ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ የአሜሪካ ዜጋ ነህ ወይ የሚል ነው። እዚያ ላይ እጃቸው ቆመ። ቀና ብለው አዩኝ።

ዓይናቸውን ሳይ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ ወገቡም፣ ሥራውም፣ ለቅሶውም። ሰውየው ዜጋ አይደሉም። ዜጋ ያልሆነ ሰው «ነኝ» ብሎ ፈርሞ ከመረጠ ነገሩ በይቅርታ አያልቅም፤ ግሪን ካርዱንም አገሩንም ሊያሳጣው ይችላል። እኔ ራሴ ግሪን ካርድ በነበረኝ ጊዜ ጠበቃዬ ከሁሉ በላይ ያስጠነቀቀኝ ይህንኑ ነው። ጋሽ ታደሰም ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ግን በዋሶቻቸው መካከል ቆመው፣ ሴናተር ተብለው፣ «አልችልም» የምትለው ቃል ከየት ትምጣ? እስክሪብቶው ወደ ወረቀቱ ዝቅ ማለት ጀመረ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሊፈርሙ ነበር። አንድ ሙሉ ሰው ከማፈር መባረርን ሊመርጥ ነበር።

ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩ። ማንም አልደወለም። «ጋሽ ታደሰ! ሲስተር ሰብለ ናት! አሁኑኑ ድረሱልኝ እያለች ነው፤ ሰው የሚያስረዳላት ጠፍቶ ተቸግራለች፣ ከእርስዎ ሌላ የሚችል የለም አለች!» ብዬ ጮህኩ። ሐበሻ ሽማግሌ ከጉድ የሚወጣበት አንድ በር አለ፤ እሱም ተፈልጎ መጠራት ነው። እስክሪብቶውን አስቀመጡ። «ግዳጅ ነው፤ እኔ ድምፄን በፖስታ እልካለሁ» ብለው በግርማ ወጡ።

ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። «የዜግነቱን ፈተና ወድቄ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። ከዓመታት በፊት፣ እኔ ገና እዚያ ሕንጻ ሳልገባ ነው። የመንግሥት አወቃቀር ተጠይቀው አንበልብለውታል፤ አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ጻፍ ሲባሉ ግን እጃቸው ደረቀ። «እንደገና ፈተና እንዳለ ተነግሮኝ ነበር። እንደወደቅሁ ልነግራቸው ቤት ስገባ፣ ጎረቤቱ በሙሉ ኬክ ላይ ባንዲራ አሠርቶ እልል ብሎ ተቀበለኝ። ምን ልበል? ቢላዋውን ሰጡኝ፣ ቆረጥኩ።» ከዚያ በኋላ ዜጋ ሆኑ። ዜጋ ሆኖ ኬክ የቆረጠ ሰው ደግሞ እንደገና ለፈተና ሲሄድ ቢታይ ምን ይባላል? ከባለቤታቸው ሌላ ማንም አያውቅም። አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም፤ ለእኔ መሐረብ ፈለጉልኝ።

ያን ዕለት ዘይነባ ቤት ገብቼ ሚስጥሩን ሳልነካ ዙሪያውን ስዞር፣ ገና ሳልጨርስ አቋረጠችኝ።

«አንቺ ባትቀድሚኝ ኖሮ እኔ ልወድቅ ነበር» አለች።

«ምን?»

«ወለሉ ላይ ነዋ! ስኳሬ ወረደ ብዬ ልዘረር ነበር። ቦታውን ሁሉ መርጬ ነበር።»

ለካ ታውቃለች። ኬኩ የተቆረጠ ዕለት ነው ያወቀችው። «ፈተና ያለፈ ሰው ፈተናው ቀላል ነበር ብሎ ነው የሚጀምረው፤ እሳቸው ስለ ብርዱ ሲያወሩ አመሹ» አለችኝ። ሕንጻው በሙሉ ያውቃል። ታዲያ ለምን «ያለ ጋሽ ታደሰ አንመርጥም» ተባለ? «ትተናቸው ብንሄድ ማወቃችንን አያውቁም? ምክንያት አያጡም ብዬ ነው የጠበቅሁት። አንቺ ነሽ ዘመቻ ላይ ነኝ ብለሽ ጎትተሽ ያመጣሻቸው!» ዋስነቱስ? ዘይነባ ተቆጣች። «ዋስ የሆንኩት እዚህ ሕንጻ ለመኖራቸው ነው። አይኖሩም?»

ሰውየው እንዳናውቅ ይደክማሉ፣ እኛ ማወቃችንን እንዳያውቁ እንደክማለን፤ በዚህ ሁሉ ድካም መካከል አንድ ምስኪን ሽማግሌን ወደ መባረሪያው ጠረጴዛ አጅበን ወሰድናቸው። ክፉ ሰው ቢሆን እንዲህ አያደርግም ነበር፤ ይህን የሚችለው የሚወድ ሰው ብቻ ነው። «ታዲያ እናውቃለን ብለሽ ንገሪያቸውና ይረፉ» አልኳት። «አንቺ ንገሪያቸው» አለችኝ። ሁለታችንም አልነገርንም።

ጋሽ ታደሰ በቀሩት ቀናት ለሲስተር ሰብለ በር ለበር ዞሩላት። መምረጥ ባይችሉ መቀስቀስ ይችላሉ። ከእኔ ይልቅ ብዙ ሰው ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው የሰው ቤት ሲገቡ ሳይበሉ መናገር ይችሉበታል። ሲስተር ሰብለ አሸነፈች። ኪራዩ ያው ጨመረ።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ቀን «ልጄ፣ ድራይቭ ታደርጊኛለሽ?» አሉኝ። የት እንደሆነ አልጠየቅሁም። የዜግነት ፈተና የሚሰጥበት ቢሮ በር ላይ አውርጄ መኪና ውስጥ ጠበቅሁ። ሲመለሱ ከሩቅ «ፈተናው ቀላል ነው!» ብለው ጮኹ። አለፉ፤ ቆይቶም መሐላቸውን ፈጸሙ። ግን ደስታቸውን ለማን ያካፍሉ? ደስታው ከዓመታት በፊት ተበልቷል። ሕንጻው በሙሉ ነገሩን በሁለተኛው ቀን ሰማ፤ እሱም እንኳን ደስ ያለዎት ማለት አይችልም። ደረጃ ላይ ሲያገኛቸው ሰው ሁሉ ያለ ወትሮው እጃቸውን አጥብቆ እየጨበጠ «ብርዱ እንዴት ነው?» ይላቸው ነበር።

ሌላ ምርጫ ደረሰ። ጋሽ ታደሰ ጥሪ ሳይጠብቁ ከረባት አስረው፣ ከሁላችን ቀድመው ቫኑ አጠገብ ቆመው አገኘናቸው። ያችው ባለ ነጭ ፀጉር ሴትዮ መዘገበቻቸው። ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው፤ እሳቸውም ወደ እኛ ሰረቅ አድርገው አይተው በጣም ቀስ ብለው «የስ» አሉ።

አይ የአሜሪካ ነገር! ሴትዮዋ ብድግ ብላ፣ እጇን አፏ ላይ ክብ አድርጋ፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመርጥ ሰው እዚህ አለ!» ብላ በእንግሊዝኛ ለአዳራሹ አወጀች። ልማዳቸው ነው። ፈረንጆቹ ሁሉ አጨበጨቡ፤ አንዱማ አፏጨ።

እኛ ቀጥ ብለን ቆምን። አንዱ ጫማውን አየ፣ አንዱ መስኮቱን። እንግሊዝኛ ተርጉማ የምትኖረው ዘይነባ ጣሪያውን እያየች በአማርኛ «ምንድን ነው የሚያስጨበጭባቸው?» አለች። «እኔ እንጃ፣ አልሰማሁም» አልኳት።

ጋሽ ታደሰ ዞሩ። አንድ በአንድ አዩን። የጠየቀ የለም፣ የደነገጠ የለም፣ ዓይን የሰጣቸውም የለም። ያኔ ማወቃችንን አወቁ፤ ከመቼ ጀምሮ እንደምናውቅም የገባቸው ይመስለኛል፤ ፊታቸው መጀመሪያ ጠቆረ፣ ቀጥሎ ቀስ እያለ ፈታ። ከረባታቸውን አስተካከሉ።

«ያጨበጨቡት ለእኔ ነው» አሉ። «የእናንተ እጅ ታስሯል?»

አጨበጨብን። ዘይነባ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ሴትዮዋ እዚህ ውስጥ መጮህ አይፈቀድም ብላ እስክትቆጣን ድረስ።