እትዬ ባንቺዓለም አፋፍ ላይ

በየዘመዱ መካከል ለሰው እግር የሚሰጋ አንድ ሰው አይጠፋም። በኩልመስክ መንደር ይህ ሹመት የተከበሩት የእትዬ ባንቺዓለም ነው። «ወደ ኋላ! ወደ ኋላ በል!» ያላሉት ሰው የለም። ያሳደጓት የሟች እህታቸው ልጅ ሰብሌ በልጅነቷ ዛፍ ላይ ስትወጣ፣ እሳቸው ከሥር ጭድ ያነጥፉ ነበር። ባለፈው ሳምንት ለሰርጓ ዳስ ሲጣል ደግሞ፣ ምሰሶው ጠንቶ እንደሆነ ለማየት ሲነቀንቁት ዳሱን ሊደረምሱት ምንም አልቀራቸውም።

ሙሽሮቹ ለኑሮ ወደ ኮምቦልቻ በሚሄዱበት ዕለት ማለዳ፣ ሙሽራው መልአኩ «ፀሐይ ከበረሃው ስትወጣ ሳናይማ አንሄድም» አለ። አፋፉ ቅርብ ነው፤ ቆላውም፣ ከቆላው ወዲያ ያለው በረሃም ከዚያ ወለል ብሎ ይታያል። ከሁሉ ቀድመው መንገድ የገቡት እትዬ ባንቺዓለም ናቸው።

እንደ ደረሱ የመልአኩን ቀበቶ ከኋላው ጭምድድ አደረጉት።

«ኧረ እማማ፣ አልወድቅም!»

«የወደቀ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚለው።»

የበረሃው ጫፍ ቀላ፣ ጭጋጉም ተገፈፈ። መልአኩ ስልኩን ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ቢሰድ «እግርህን!» አሉት። ሰብሌ ሳቋ መጣና ዘወር አለች፤ ፊታቸውን ስታይ ግን ሳቋ ጠፋ። ብርሃኑ ፊታቸውን ሞልቶታል፤ ዓይናቸው ከሁለቱ ሙሽሮች ጫማ አልተነሣም።

«እትዬ፣ እዚህ ስንት ጊዜ መጥተዋል?»

«ኧረ ስንቴ! እንግዳ በመጣ ቁጥር ነዋ።»

«ፀሐይዋንስ አይተዋት ያውቃሉ?»

«ታዲያ ሰዉን ማን ይጠብቅልኝ?»

ሰብሌ ባሏን በክንዱ ስባ ከአፋፉ አራቀችና ሣሩ ላይ አስቀመጠችው። አክስቷንም እጃቸውን ይዛ ከመሃል አስቀመጠቻቸው።

«ይኸው ተቀምጠናል። አሁን ይዩ።»

እትዬ ባንቺዓለም ቀና አሉ። በረሃው እንደ ፍም ግሏል። ትኩር ብለው አዩት። በኋላ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉና፣

«ኮምቦልቻ በየት በኩል ነው?» አሉ።

ሰብሌ ወደ ቀኝ፣ ከተራራው ጀርባ አመለከተቻቸው።

«እዚያም ገደል አለ?»

«ሜዳ ነው፣ እትዬ» አለች ሰብሌ።

ከወደ መንገዱ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። መልአኩ ብድግ ብሎ «ጠሩን፣ እንሂድ» ሲል፣ እትዬ ባንቺዓለም ዓይናቸውን ከበረሃው ሳይነቅሉ፣

«ቆይ እስቲ ልጄ» አሉት። «እኔ ገና አሁን መምጣቴ ነው።»