ከበሮ ያስቆምኩበት በዓል

ይህ በደል ይመዝገብልኝ፤ በዳይዋም እኔ ነኝ። ለፍትሕ ብላ አውቶቡስ የምታስቆም አሮጊት ገጥማችሁ አታውቅም? እሷ እኔ ነኝ። እዚህ ሲያትል ጎረቤቶች የቤተ ክርስቲያናችን ከበሮ ረበሸን ሲሉ፣ «አገሩ የሁሉም ነው» ብዬ አፋቸውን ያስያዝኳቸው እኔው ነኝ።

በአሜሪካ የነጻነት በዓል ዕለት ግን መናፈሻ ውስጥ ሕንዶች ከበሮ እየመቱ የአምላካቸውን ስም እየዘመሩ ሲጨፍሩ፣ ጥበቃ ጠርቼ አስቆምኳቸው። ርችቱ ጆሮዬን ሲበሳውስ ማንን ጠራሁ? ማንንም።

ከበሮ ስትመታ የነበረችው ሴት ከበሮዋን በጨርቅ ስትጠቀልል ሳይ፣ የልጅ ልጄን ሶልያናን፣ «ይቅርታ ብላለች በይልኝ» አልኳት።

«ሶሪ ማለት አንቺም ትችያለሽ፣ አያቴ።»

ሄጄ «ሶሪ» አልኳት። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ መለሰች፤ ሶልያና ተረጎመችልኝ፦

«ችግር የለም፣ ለምደነዋል ትልሻለች።»