አባ ቀጥ በሁለቱ የዘይት ቱቦዎች ላይ የዘመቱት ዘመቻ

በዘጠነኛው ዓመተ ስደታ ለመኪና፣ በወርኀ ነፋስ፣ በዕለተ ሰኑይ፣ ከማለዳው በሦስት ሰዓት፣ መዋዔ ጠመዝማዛ፣ ፀረ ጎባጣ፣ ሥዩመ ጋራዥ የሆኑት ታላቁ መሬት ቀያሽ አባ ቀጥ፣ የሥራ ቱታቸውን ለብሰው፣ መነጽራቸውን በግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ መነጽሬ የት ገባ እያሉ ሩብ ሰዓት ሲያምሱ ከቆዩ በኋላ፣ በገዛ እጃቸው በሚሠሩት አውሮፕላን ሞተር ውስጥ ሁለት የዘይት ቱቦ ይዘረጉ ዘንድ ዘመቱ። ይህን ዜና የምጽፈውም እኔ የባለቤታቸው ታናሽ ወንድም፣ ጸሐፌ ትእዛዝ ወባትሪ ያዥ፣ ያየሁትን እንጂ የሰማሁትን አልጽፍም፤ ባትሪውን ይዤ ያበራሁት እኔ ነበርኩና።

ዘመኑ ስለ ምን በመኪና ስደት እንደሚቆጠር ለማያውቅ ሰው እንነግራለን። አባ ቀጥ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ አውሮፕላን እሠራለሁ ብለው በተነሡ ጊዜ፣ አስቀድመው የቤቱን መኪና ከጋራዡ አስወጥተው ወደ መንገድ ሰደዷት፤ በዚያው ሳምንትም በጋራዡ መስኮት ሥር ብርሃን ጠግቦ ይኖር የነበረውን የእህቴን የልብስ ስፌት ማሽን ወደ ኮሪደር አፈለሱት። እህቴ፣ ደንበኞቿ እቴጌ መቀስ የሚሏት ልብስ ሰፊ (እህቴ ናትና አንቱታውን ይቅር ትበለኝ)፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ የምትሰፋው በመታጠቢያ ቤቱ በር ፊት ነው፤ ሽንት የያዘው ሁሉ ይቅርታ እያለ በጨርቅ ላይ ይራመዳል፤ ሙሽሮችም ቀሚሳቸውን የሚለኩት አንድ እጃቸውን በመታጠቢያው ገንዳ ላይ ተደግፈው ነው። አውሮፕላኑ በስድስተኛው ዓመት ሞተር አገኘ። ክንፎቹ ግን እስከ ዛሬ የሳሎኑን ግድግዳ ተደግፈው እንግዳ ይቀበላሉ።

ወእምዝ፣ ዘመቻው ሊጀመር ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ከአቪዬሽን መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ፤ ሐሙስ ጠዋት አንድ መርማሪ መጥቶ ሞተሩ አሥር ደቂቃ ሲሠራ እንደሚያይ የሚናገር። እቴጌ መቀስም ይህን በሰማች ጊዜ፣ ወጥ ቤቱንና ጋራዡን በሚያገናኘው በር ላይ ቆማ፣ መቀሷን እንደያዘች አዋጅ አስነገረች። ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ! «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ላም አለኝ በሰማይ ስትል ወተቷን ሳላይ ኖሬያለሁ። ሐሙስ ይሄ ሞተርህ አሥር ደቂቃ ሠርቶ አንዲት ጠብታ ዘይት ካልጣለ፣ አውሮፕላንህ እዚሁ ይቀመጥ፤ እኔም ሁለተኛ ስለ መስኮቱ አፌን አልከፍትም። ጠብ ካለ ግን ቅዳሜ ሸራ አልብሰህ ግቢ ታወጣዋለህ፤ ማሽኔ ቦታው ይገባል። አለቀ!» አባ ቀጥም በመሐላ አጸኑት፤ ሲምሉ እንኳ ቀኝ እጃቸው ቀጥ ብሎ ነበር።

የዘማቹ ሠራዊት ብዛትና ማዕረግ ይህ ነው። በቀኝ በኩል እኔ ከነባትሪዬ። በግራ በኩል ጡረተኛው ጎረቤታችን፣ የተጠየቁትን ሁሉ «ይቻላል» ስለሚሉ ስማቸው ጋሼ ይቻላል ሆኖ የቀረ፣ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ብሎን ሲያጠብቁ ያልታዩ፣ ነገር ግን ነጭ ሸሚዛቸውን ለብሰው የራሳቸውን ወንበር ተሸክመው መምጣትን አንድም ቀን ያላስታጎሉ። በደጀንነት የቤቱ ድመት፣ በአብራሪው መቀመጫ ላይ ተኝታ። ከእነዚህም ጋር ካቻቢቴ አራት፣ ፒንሳ ሁለት፣ ቱቦ ማሰሪያ ፋሼታ አንድ ከረጢት፣ የቀያሽ ሲባጎ አንድ ጥቅል፣ መፍቻም ከቁጥር ስምንት እስከ ቁጥር ሃያ ሁለት ተሰልፎ ነበር፤ ቁጥር አሥራ ሦስት ብቻ ከሰልፉ ጠፋ፤ የሚፈለገው እሱ ስለ ነበረ።

የጦር ሜዳውም እንዲህ ነበር። የሞተር ዘይት ሲሠራ ይግላልና፣ በአንደኛው ቱቦ ወጥቶ ራዲያተር በምትመስል ማቀዝቀዣ ውስጥ ያልፋል፤ በሁለተኛው ቱቦ ቀዝቅዞ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ሞተሩ ከፊት ነው፤ ማቀዝቀዣዋ ከኋላ በብረቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፋለች፤ በመካከላቸው ደግሞ የጭሱ መውጫ ማርሚታ፣ ሲግል የነካውን ጎማ ሁሉ የሚያቀልጥ ጨካኝ ጠላት፣ መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል። ቦታው አንድ እጅ ያስገባል፤ ሁለተኛው ከገባ ግን የመጀመሪያው አይወጣም።

አባ ቀጥ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በሰው መሬት ላይ መስመር ሲያሰምሩ የኖሩ፣ የጎበጠ አጥር ባዩ ቁጥር ራሳቸውን የሚያማቸው ጀግና ናቸውና አልፈሩም። ሲባጎአቸውን ከሞተሩ አፍ እስከ ማቀዝቀዣዋ አፍ ድረስ እስኪጮህ ወጠሩት፤ ከማርሚታውም በሦስት ጣት ርቆ እንደሚያልፍ አረጋገጡ፤ አሥር ጊዜ ለክተው፣ በሚሊ ሜትር ጽፈው፣ ሁለቱንም ቱቦዎች ልክ በሲባጎው ቁመት ቆረጧቸው። ከጥቅሉ ብዙ ክንድ ቱቦ ተርፎ ነበርና እጥረት አልነበረም፤ ኩራት ነበር እንጂ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሥራው ባለቀ ጊዜ ሁለቱ ቱቦዎች በማስመሪያ የተሰመሩ መሰሉ፤ አባ ቀጥም ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄደው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ጋሼ ይቻላልም ከወንበራቸው ሳይነሡ «ይቻላል» ብለው መረቁ።

በዚያች ሰዓት እቴጌ መቀስ በመደርደሪያው ላይ ያስቀመጠችውን ክር ልትወስድ መጥታ ቱቦዎቹን አየችና ቆመች፤ ሁለተኛውንም አዋጅ አወጣች። «ይሄ ጠቧል። ሰው ተገትሮ እንደቆመ ብቻ አይለካም፤ እጅህን አንሣ፣ ጎንበስ በል፣ ተንፍስ ይባላል። ትንፋሽ ያልተውክለት ልብስ ብብቱ ላይ ነው የሚተረተር።» አባ ቀጥም ደረታቸውን ነፍተው የአጸፋ አዋጅ አስነገሩ። «ይህ ሞተር ነው እንጂ ቀሚስ አይደለም! ሞተር ሠርግ አይጠራም፣ እጁንም አያነሣም! በሁለት ነጥብ መካከል አጭሩ መንገድ ቀጥተኛ መስመር ነው፤ ያላወቀ ይጠይቅ!» እህቴ ክሯን ይዛ ሄደች።

በዕለተ ረቡዕ ጠዋት ለሙከራ አውሮፕላኑን ገፍተን ወደ ግቢ አወጣነው፤ ጭራውንም ከብረት ምሰሶ ጋር አሰርነው። አባ ቀጥ ገብተው ተቀመጡ፤ ድመቲቱ ተነሥታ ወረደች፤ እሷ ብቻ አስተዋይ ነበረች። ሞተሩም በተነሣ ጊዜ፣ የተቀመጠው በጎማ ላይ ነውና፣ የማንኛውም ሞተር ልማድ እንደሆነው፣ በድንገት ከእንቅልፉ እንደቀሰቀሱት ሰው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተወራጨ። እጁን አነሣ ማለት ነው። አንደኛው ቱቦ ከአፉ ተስቦ ወጣ፤ ወኮነ ዐቢይ ዝናመ ዘይት፤ በግድግዳው ላይ፣ በእኔ ፊት ላይ፣ ከሁሉም ይልቅ በጋሼ ይቻላል ነጭ ሸሚዝ ላይ ዘነበ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ፤ አባ ቀጥ ግን ሳይቸኩሉ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ለክተው ነው ያፈሰሱት።

ሞተሩን አጥፍተው በወረዱ ጊዜ ሦስተኛው አዋጅ ታወጀ። «ቱቦው ነው የከዳኝ! ፋሼታው ነው! ባትሪ ያዡም ወደ ግራ አብርቶብኛል!» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሏል ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጠው፣ ዘይት የነካ እጃቸውን በጉልበታቸው ላይ ጥለው፣ ወደ መሬት ማየት ጀመሩ። ያ ቀጥ ያለ ጀርባ ጎብጦ አየሁት። እስከዚያ ሰዓት በሆዴ እስቅ ነበር፤ ያን ጊዜ ሳቄ ጠፋ፤ አሳዘኑኝ።

እኔም ጨርቅ ላመጣ ወደ ጋራዡ በገባሁ ጊዜ እህቴን በባዶው ክፍል መካከል ቆማ አገኘኋት። በእግሯ ሥር፣ አውሮፕላኑ ዘጠኝ ዓመት ከቆመበት ወለል ላይ፣ በልብስ ሰፊ ጠመኔ የተሰመረ ነገር ነበር፤ አንድ ረጅም አራት ማዕዘን ለመቁረጫው ጠረጴዛ፣ አንድ አጭር ለማሽኑ፣ አንዲት ክብ ለወንበሯ። ገና በጠዋቱ አውሮፕላኑ እንደወጣ ለክታ ጨርሳለች። የመስኮቱም ፀሐይ ልክ በክቧ ላይ አርፎ ነበር። እስከ ነገ ጠዋት ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅባት፤ ዝም ካለች መስኮቱ የእሷ ነው። ክቧን አየች፤ በበሩ በኩልም በባልዲ ላይ የተቀመጡትን ባሏን አየች፤ ተነፈሰች፤ ሜትሯን በአንገቷ ላይ አድርጋ ወጣች። እጇ እያለ መጥፎ ስፌት አታሳልፍም ልበል ወይስ ሌላ ምክንያት ነበራት? እህቴ ናትና ሌላውን ምክንያት እኔ አልጽፈውም።

አራተኛውም አዋጅ በግቢው ውስጥ ተሰማ። «ተነሥ! ያፈሰስከውን ጥረግ። አንተ ባትሪህን አስቀምጥና ከጋሼ ጋር ሞተሩን ያዙልኝ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ነቅንቁት፤ ቆሞ ሳይሆን ተወራጭቶ ነው የምለካው።» ጋሼ ይቻላልም በዘጠነኛው ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበራቸው ተነሥተው ብረት ነኩ፤ ሸሚዛቸው አንዴ ተበላሽቷልና የሚሳሱለት አልነበራቸውም። እኛ ስንነቀንቅ እሷ ሜትሯን ሞተሩ እጅግ በራቀበት በኩል ዘረጋች፤ በዚያ ላይ አራት ጣት ጨመረች፤ ከተረፈው ጥቅል አዲስ ቱቦ አስቆረጠች። ማርሚታውንም እንደ ክፉ ጎረቤት ከሩቁ እንዲያልፉት፣ ቱቦዎቹን በሰፊ ቅስት አዞረቻቸው፤ ሁለቱ ቱቦዎች በሚተሻሹበት ቦታ ሁሉ የጎማ ቁራጭ ጠቀለለችባቸው። ከዚያም ጠመኔዋን አውጥታ ቱቦዎቹን ቀባችና የሞተሩን ኮፈን አስዘጋች፤ ሲከፈት በኮፈኑ ውስጥ አንድ ነጭ መስመር ተገኘ፤ ይነካል ማለት ነው። ቱቦውን ሁለት ጣት ወደ ውስጥ አስጠጋችው፤ እንደገና ቀብታ አስዘጋች፤ በሁለተኛው ኮፈኑ ንጹሕ ሆነ። አባ ቀጥ በዚህ ሁሉ ጊዜ እንደታዘዙ ፋሼታ አጠበቁ፤ ቁጥር አሥራ ሦስት መፍቻም በኪሳቸው ተገኘ።

በዕለተ ሐሙስ መርማሪው መጣ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ በዘንግ ጫፍ ላይ የታሰረች ትንሽ መስታወት የያዘ ሰው። እህቴ በሞተሩ ሥር ነጭ አቡጀዲ አነጠፈች፤ ውል ውል ነውና ጠብታዋ ብትወርድ እንድትታይ። ሞተሩ ተነሣ፤ ተወራጨ፤ ቱቦዎቹ አብረውት ተወራጩ፤ አሥር ደቂቃም ሠራ። ጨርቁ እንደ ተነጠፈ ነጭ ሆኖ ቀረ። መርማሪው ኮፈኑን አስከፍቶ መስታወቱን ወዲህና ወዲያ አስገብቶ ብዙ ካየ በኋላ ቃሉን አሰማ። «ብዙ ሰው ቱቦ ወጥሮ ያስርና ሰማይ ላይ ይበጠስበታል። ይሄ ትንፋሽ አለው። የለካው ማን እንደሆነ ስሙ እዚህ ወረቀት ላይ ይጻፍ።»

እኔ ጫማዬን አየሁ። አባ ቀጥ አፋቸውን ከፈቱ፤ ዘጉት፤ ደግመው ከፈቱት። ከዚያም የዘመናቸውን አጭሩን አዋጅ አወጁ። «እሷ ናት የለካችው። እኔማ ሁለት ቀን ለክቼ ተሳስቼ ነበር።» እነሆ በዚህ ዘመቻ ሁሉ እውነተኛ ጀግንነት የፈጸሙት በዚህች ሰዓት ነውና፣ ጸሐፊው እንኳ ለአንድ አፍታ ማሾፉን ተወ። መርማሪው ጽፎ ማኅተሙን አትሞ ሄደ። እቴጌ መቀስ ግን የገባችውን ቃል አክብራ ስለ መስኮቱ አንድም ነገር አልተናገረችም፤ አቡጀዲዋን አጥፋ ወደ ኮሪደሯ ተመለሰች።

አውሮፕላኑን መልሰን ስንገፋ፣ አባ ቀጥ በጋራዡ በር ላይ ድንገት ቁሙ አሉ። ወለሉን አዩ፤ አራት ማዕዘኖቹንና ክቧን አዩ። ዘጠኝ ዓመት ከግድግዳው ጋር በሚሊ ሜትር ትክክል ሆኖ የቆመው አውሮፕላን ቢመለስ ሁሉን ይረግጠዋል። ለረጅም ጊዜ ካሰቡ በኋላ አፍንጫውን ወደ ግራው ጥግ፣ ጭራውን ወደ ቀኙ ጥግ፣ በሰያፍ፣ ጠማማ አድርገን እንድናቆመው አዘዙ፤ ሲባጎም አላስመጡም። ከዚያም ማሽኑን ከኮሪደሩ ተሸክመን አገባነው፤ ቀላሉን ጫፍ የያዙት እሳቸው ነበሩ። እህቴ በክቧ ላይ ወንበሯን አኑራ ተቀመጠች፤ ፔዳሉን ሁለት ጊዜ ረገጠች፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረችና መሐረቧን አወጣች።

ኦ አባ ቀጥ! መዋዔ ጠመዝማዛ፣ ፀረ ጎባጣ፣ በማርሚታ ፊት ያልሸሹ፣ በአሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻ የተፈተኑ፣ ሰማይ ገና ያላያቸው ነገር ግን አንድ ክፍል ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ የሞሉ! ነገሥታት አገር አቀኑ፤ እርስዎ ግን አንድ ጠረጴዛ እንዲገባ ብለው ጠመሙ፤ ከእርስዎ በፊት ይህን ያደረገ ቀያሽ አልተሰማም። ዛሬ በፕሮፔለርዎ ላይ ጠርዙ ያልተሰፋ የሙሽራ ቀሚስ ተሰቅሏል፤ ራስዎንም አላመመዎትም። ተጻፈ በመስኮቱ ብርሃን፣ በመጀመሪያው ዓመተ ሚጠታ (ሚጠት መመለስ ነው) ለስፌት ማሽን፣ ወበዘጠነኛው ዓመተ ስደታ ለመኪና፤ መኪናዋ አሁንም ውጭ ናትና።