ከፋው የመጣው ድሪልና የሐጃ በቱል አልጋ

እንጨት በትዕግሥት ይለሰልሳል ይላሉ። እኛ ቤት ግን አንድ ሰሞን በመብራት ሊለሰልስ ነበር። መብራት ስላችሁ ከህረባ ማለቴ ነው። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ሲጠፋ "ከህረባው ሄደ" ነው የሚባለው። የት እንደሚሄድ እንጃ። ብቻ ሰው ሥራ ሲጀምር ይሄዳል።

አባቴ አናጢ ነው። ከመተማ ሲሻገር አንድ መጋዝና አንድ መላጊያ ብቻ ይዞ እንደመጣ ይናገራል። ሥራው ሁሉ በእጅ ነው። ቆርጦ፣ ልጎ፣ በመጨረሻ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍግ ይውላል። ከዚያ ትከሻውን ይዞ "ወይኔ!" ይላል። የሚሠራውም ለእኛው ለሐበሾች ነበር። ዱካ፣ አግዳሚ ወንበር፣ አንዳንዴ የዕቃ ሳጥን። ሱዳኖቹ አልጋ ሲፈልጉ ወደ ሱቅ ይሄዳሉ እንጂ ወደ እኛ ግቢ ማን ይመጣል?

ዐረብኛውም አያመችም። ከሰላምታና ከ"ስንት ነው" አያልፍም። ስለዚህ የማስተረጉምለት እኔ ነኝ። እዚሁ ስለተወለድኩ ዐረብኛ እችላለሁ። የማልችለው መናገር ነው። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል። ደግነቱ አስተርጓሚ የራሱ ሐሳብ አያስፈልገውም። የተሰጠውን ቃል ተቀብሎ ማቀበል ነው፤ እንደ ውኃ ባልዲ።

ታዲያ አንድ ቀን ሱዳናዊቷ ጎረቤታችን ሐጃ በቱል መጡ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው። ሙሽራዋ በሐር ቶብ ተጠቅልላ የምትቀመጥበት አንገረብ ይፈልጋሉ። አንገረብ የሚሉት በገመድ የሚወጠረውን የእንጨት አልጋ ነው። አባቴ እንዲሠራላቸው ተስማሙና አንድ ነገር አስጠነቀቁ። ገመዱ ሳይታሰር መጥተው የራሳቸውን የሐር ቶብ በእንጨቱ ላይ ይጎትታሉ። አንዲት ክር ከተያዘች አበቃ።

"በሠርግ የተመዘዘ ክር ገዱ ክፉ ነው" አሉ። "ከያዘብኝ፣ ‘ያ ኡስታ፣ አንተው ተኛበት’ በይው።"

አልኩት። ኡስታ የሚሉት ባለሙያን ነው። አባቴ ሳቀ፤ ሲሄዱ ግን ሳቁ ቆመ። የሐጃ በቱል አፍ ራዲዮ ነው። "ጥሩ ሠራ" ካሉ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። "ክሬን መዘዘው" ካሉም ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። እንጨቱ ደግሞ ግራር ነው፤ እንደ በቅሎ ግትር። ትከሻው እንዴት ይችለዋል?

እዚህ ላይ ነው አያ ደሴ የገባው። አያ ደሴ የአባቴ አብሮ አደግ ነው። ፋው ውስጥ ትራክተር ከሚጠገንበት ጋራዥ ይሠራል፤ የማያውቀው ነገር የለም፤ ካላወቀም አይናገርም እንዳትሉ፣ ያኔ ነው የበለጠ የሚናገረው። የአባቴን የትከሻ ሕመም ሰምቶ አንድ ድሪል ይዞ መጣ። ጫፉ ላይ መብሻው ወልቆ ክብ ላስቲክ ገብቶበታል።

"ወረቀቱን ከላስቲኩ ላይ ትለጥፋለህ፤ ከዚያ መያዝ ብቻ ነው" አለው። "የሁለት ቀን ሥራህን ሻይ ሳይበርድ ይጨርሰዋል።"

"ድሪል የሚበሳ አይደለም እንዴ?"

"ያላወቀው ሰው ይበሳበታል።"

እኔ ብርጭቆ ወረቀት እንድገዛ ተላክሁ። ይህ ነው ጉዱ። ብርጭቆ በዐረብኛ ኩባያ ነው። ወረቀት ወረግ ነው። እንግዲህ ሌላ ምን አለው? ባለሱቁን "ወረግ ኩባያት" አልኩት። ሰውየው ትንሽ አሰበና ልንጓዝ ዕቃ የምንጠቀልል መስሎት የሻይ ብርጭቆ የሚጠቀለልበትን ቀጭን ቡናማ ወረቀት አጣጥፎ ሰጠኝ። እንዳይሰበሩ በደንብ ጠቅልሉ ብሎም መከረኝ። እሺ ብዬ መጣሁ። እኔ እንቢ ማለት መቼ እችላለሁ?

አባቴ ወረቀቱን በጣቱ ዳበሰው። "ይኼ ቅቤም አይፍቅ" አለ። አያ ደሴ ከሳቅ የተነሳ አግዳሚው ላይ ተጋደመ። ተመልሼ ሄድኩ። አሁን አፌን አልከፈትኩም፤ ያለቀ ቁራጭ ይዤ ሄጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። "ሰንፈራ!" አለ ባለሱቁ። "ታዲያ ሰንፈራ አትይም?" ይኸው ዕድሜዬን በሙሉ ብርጭቆ ወረቀት ሌላ ስም እንዳለው የነገረኝ አልነበረም።

ድሪሉ ተነሳ። ጩኸቱ የጎረቤት ፍየል አስበረገገ። አቧራው አያ ደሴን በአንድ አፍታ ሽማግሌ አደረገው። እውነት ለመናገር እንጨቱ ይለሰልስ ነበር። ግን የሚሽከረከር ነገር ጠርዝ አለው። አባቴ ትንሽ ባዘነበለ ቁጥር ጠርዙ እንጨቱን ነከስ አድርጎ ግማሽ ጨረቃ ይስልበታል። እሱን ሊያጠፋ ሲሞክር ሁለተኛ ጨረቃ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኛ ነው። አንደኛው የአልጋ ጎን ሲያልቅ ቆጠርኳቸው፤ አሥራ ሰባት ጨረቃ።

"ጌጥ ነው" አለ አያ ደሴ።

"አልጋ ሥራ ተባልኩ እንጂ ሰማይ ሥራ ተባልኩ?"

"ቀስ ብለህ ያዘው፣ ሳትጫነው!"

"አንተ አይደለህ መያዝ ብቻ ነው ያልከኝ?"

ክርክሩ ሳያልቅ ከህረባው ሄደ። ያን ቀንም፣ በማግሥቱም አልመጣም። ሐጃ በቱል የሚመጡት ደግሞ በሦስተኛው ቀን ነው። አባቴ ድሪሉን ግድግዳው ሥር አስቀመጠና ወረቀቱን በእጁ ያዘ። የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ፣ ወዲያና ወዲህ፣ ሁለቱንም ቀን ፈገፈገ። አያ ደሴም በማፈር ይሁን በወዳጅነት፣ ሌላውን ጎን ይዞ አብሮት ዋለ። ጨረቃዎቹ አንድ በአንድ ጠለቁ። እኔ ጉንጬን አስነካሁት። ጉንጬ ነው የሻከረው።

ሐጃ በቱል ቶባቸውን አጣጥፈው መጡ። አንደኛው ጎን ላይ ጣል አድርገው ሳቡት፤ እንደ ውኃ ፈሰሰ። ሁለተኛው ላይ ሳቡት፤ ፈሰሰ። ሦስተኛው ጎን ወደ ግድግዳው ስለሆነ አልደርስበትም አሉ። አባቴ በትሕትና ጎንበስ ብሎ የቶቡን ጫፍ ተቀበላቸውና ሳበላቸው።

ቅርርር!

የጣት ያህል ክር ተመዞ ወጣ። ሐጃ ክሩን ወደ ብርሃን ያዙት። "እንጨትህ ነከሰኝ፣ ያ ኡስታ" አሉ። ተረጎምኩ።

አባቴ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። "ይቅርታ በያቸው" አለኝ። "አልጋውን እኔው አስቀረዋለሁ፤ ለቶቡም እክሳለሁ በያቸው።"

እኔ ግን አይቻለሁ። ዝም አይነቅዝም ይባላል። ያን ጊዜ ዝም ብል ግን የሁለት ቀን ልፋት ሊነቅዝ ነው። ከዚያ ማንም ያልሰጠኝን ቃል አወጣሁ፦ "ሐጃ፣ የያዘው እንጨቱ አይደለም። የአባቴ እጅ ነው።"

ሐጃ በቱል ዞረው አዩኝ። ከዚያ የቶቡን ጫፍ በአባቴ መዳፍ ላይ ጣል አድርገው ቀስ ብለው ሳቡት። ክሩ መንጠቆ እንደዋጠ ዓሣ ተሰቀለ። አልጋውን ከግድግዳው ገፋ አድርገው ያንኑ ጫፍ ሦስተኛው ጎን ላይ ሳቡት፤ ፈሰሰ። ሴትዮዋ እስኪያነቡ ሳቁ።

"ያ ቢቲ፣ ለአባትሽ ንገሪው" አሉኝ። "እንጨቱን ተቀብያለሁ። እሱን ግን ወስዳችሁ በሰንፈራ ፈግፍጉት።"

አባቴ ግራ ገብቶት ዓይኑ በኔና በሳቸው መካከል ተመላለሰ። "ምን አሉ?" አለኝ።

"እጅህ ይባረክ አሉ" አልኩት።

አባቴ ሁለቱንም እጆቹን አገላብጦ አያቸውና "አሜን" አለ።