ባለ ሦስት ቁልፉ የመድኃኒት መጋዘን

ሰው ሌባ የፈራ እንደሆነ መጀመሪያ የሚሮጠው ቁልፍ ሊገዛ ነው። ሌባው በቁልፍ በኩል ይግባ አይግባ ግን ማን ጠይቆት ያውቃል?

በደርግ ዘመን ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ሆስፒታል የመድኃኒት መጋዘን ኃላፊ ነበርሁ። መድኃኒታችን እየጠፋ ገበያ ላይ መታየት ሲጀምር ስብሰባ ተጠራ። ያኔ ስብሰባ የማይፈታው ችግር አልነበረም፤ ስብሰባው ራሱ ካልሆነ በቀር። እኔው ምላሴ አላርፍ ብሎ፣ በሩ ሦስት ቁልፍ ይኑረው፤ አንዱን እኔ፣ አንዱን አስተዳዳሪው፣ አንዱን የፖለቲካ ውይይት ክበቡ ተጠሪ እንያዝ አልሁ። ሦስታችን ካልተገናኘን አንዲት ክኒን አትወጣም! ተጨበጨበልኝ። ጭብጨባ ደግሞ እንደ ጠጅ ነው፤ ያሰክራል።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ከዘጌ አንዲት ወላድ በጀልባ መጣች። ልጇ ደህና ነው፤ የእሷ ደም ግን አልቆም አለ። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ የነበረው ደም ማቆሚያ መርፌ አልቋል፤ ሐኪሙ ከመጋዘን ቶሎ አምጣ አለኝ። ቁልፌን ይዤ በረርሁ። አስተዳዳሪው የት አሉ? ወገባቸውን አሟቸው ወንዛዬ ፍል ውኃ ገብተዋል። ተጠሪውስ? ዱርቤቴ፣ ገበሬ ሊያነቃ! ወደ በሩ ሮጥሁ፤ ወደ ወላዷ ሮጥሁ፤ እንደገና ወደ በሩ። ምን እንደምፈልግ እኔም አላውቅ። አባቷ፣ መሪጌታ ናቸው፣ እየተከተሉ፦ «ልጄ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ የመንግሥተ ሰማያትን ቁልፍ የያዘው ብቻውን ነው። እናንተ ከዚያ የበለጠ ምን አስቀምጣችሁ ነው?» አሉኝ። አፈርሁ።

ይኸኔ ዘበኛችን አያ ስማቸው፣ «እስቲ ፈንጠር በል ወንድሜ» ብሎ ከኪሱ ምስማር አወጣ። የማጠፊያዎቹን ብረት ነቀል ነቀል ሲያደርጋቸው፣ በሩ ከነሦስት ቁልፉ በወዲያኛው ጎን ተከፈተ። ማጠፊያው ሲጥ እንኳ አላለም፤ ዘይት ጠጥቷል። መድኃኒቱ በየት እንደሚወጣ ያን ጊዜ ገባኝ። አየሁት፤ እሱ ጣናን ያያል። ግን ይህ የመጠየቂያ ሰዓት ነው? መርፌውን ይዤ ሮጥሁ። ደሙም ቆመ፤ ሴትዮዋ ተረፈች።

ሰኞ ስብሰባ ተጠራ። መጋዘኑን ማን እንደከፈተው ተጠየቅሁ። ዘበኛውን ባጋልጥ በአሻጥረኛነት ይታሰራል፤ ይገባዋልም። ግን የሚቀጥለዋ ወላድ ስትመጣ በሩን ማን ይከፍታል? «እኔ ነኝ» አልሁ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ። አራተኛ ቁልፍ እንዲጨመርም ተወሰነ። እኔም እጄን አውጥቼ ደገፍሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ለመንሁ፦ ዘበኛው የዓመት ፈቃድ እንዳይወጣ።