ይታገስ ዳምጤ የፔዳላቸውን ሲጢጥታ ድል ነሥተው ሞጣ የገቡበት ዜና

ንጽሕፍ እንከ ዜናሁ ለይታገስ፤ አንባቢ ሰምቶ እንዲደነቅ እንጂ እንዲስቅ አይደለም፤ የሚስቅ ቢኖር ግን ጸሐፊው አያየውምና ይሳቅ።

በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ጥር፣ የእሽቅድድም ብስክሌታቸውን በገዙ በአራተኛው ዓመት፣ በሞጣው ሰጠኝ መሸነፍ በጀመሩ በሦስተኛው፣ የኋላ ጎማቸው በተለጠፈ በአሥራ አንደኛው ጊዜ፣ ሥዩመ ፔዳል፣ ሊቀ መንኰራኵር፣ የብቸና ከብት ሁሉ ሐኪም የሆኑት ይታገስ ዳምጤ በከተማቸው በሰላም ተቀምጠው ሳለ፣ ሦስት ዓመት ያልለቀቃቸው ታላቅ ጩኸት ከእግራቸው በታች እንደ ገና ተነሣ። እኔም ሣህለ ማርያም፣ በወረዳው መዝገብ ቤት ፋይል ጠባቂ፣ ሌላ የሚጽፍ ስላልተገኘና ቢገኝም አሳምሮ ስለማይጽፍ፣ ያየሁትን እነሆ ጻፍሁ።

የእኒህ ጌታ ፔዳል እንደ ተራ ሰው ፔዳል ዝም ብሎ የሚረገጥ አይደለም፤ ጫማን ነክሶ የሚይዝ ነው። ከጫማው ሥር ክሊት የምትባል የፕላስቲክ ቁራጭ በሦስት ብሎን ታስራ፣ ፔዳሉ ውስጥ ቀጭ ብላ ትገባለች፤ መውጣት የፈለገ ተረከዙን ወደ ውጭ ይጠመዝዛል። በዚህ ንክሻ መካከል ነበር ሲጢጥታው የተነሣው፤ ረገጥ ሲያደርጉ ሲጢጥ፣ ጠበቅ ሲያደርጉ ሲጢጥ ሲጢጥ። ስለዚህም ጠላት ለብስክሌታቸው አባ ሲጢጥ የሚል የፈረስ ስም አወጣላት።

ጠላት ያልሁት ሰጠኝ የባለቤታቸው የወይዘሮ ባንቺዓለም ታላቅ ወንድም ነው። በየዓመቱ ከብቸና እስከ ሞጣ በሚደረገው ግልቢያ ሰጠኝ ከፊት ይሆናል፤ ይታገስ ሊቀድሙት ከኮርቻ ብድግ ባሉ ጊዜ ጩኸቱ ይበረታል፤ እርሱም ሰምቶ ይሸሻል። ከዚያ በኋላ በእናቱ በወይዘሮ የሺእመቤት ቤት ምሳ ሲበላ ያችኑ ወሬ ከነድምፅዋ ያወራታል፤ ቤቱም ይስቃል። አማታቸው ወይዘሮ የሺእመቤት ግን አማቻቸው እንዳይከፋ ሲስቁ አፋቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር። ጀግናው ከሳቁ ይልቅ ያ መሸፈን ነበር የሚያማቸው። ይህን ለማንም አልነገሩም፤ እኔ ግን አይቻለሁ።

በዚያም ወራት ሰጠኝ በቴሌግራም ነጋሪት አስጎሰመ፤ እንዲህ ሲል፦ «የብቸና ሰው ስማ፣ የሞጣ ሰው ስማ! አማቼ ዘንድሮም ይመጣል አሉ። እኔ ኋላዬን አላይም፤ አንገቴን ለምን አደክማለሁ? ሲጢጥ ሲል እነሣለሁ፣ ዝም ሲል እዝናናለሁ።»

ይታገስም ይህን አንብበው እጅግ ተቆጡ፤ ስልካቸውንም አስቀምጠው መልሰው አነሡትና እንዲህ የሚል አዋጅ ነገሩ፦ «ዘንድሮ ከተቀደምሁ ብስክሌቴ የሰጠኝ ትሁን፣ እኔም ዳግመኛ ኮርቻ ላይ አልወጣም። ከቀደምሁ ግን ሰጠኝ ያቺን ወሬ በእናቱ ቤት እስከ ዕድሜ ልኩ አያንሣት።» ሰጠኝም በአውራ ጣት ምልክት ተስማማ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ደግሞ ከጓዳ ሆነው የራሳቸውን አዋጅ አስነገሩ፦ «ባሌም ወንድሜም ለእኔ አንድ ናቸው፤ ለማንም አልወግንም። ብቻ ያ ጩኸት ከቤቴ ይውጣልኝ፤ ሕፃኑን አስተኝቼ አልጨርስም!»

ወእምዝ ጀግናው የመጀመሪያውን ዘመቻ አወጁ። አማካሪያቸው የባጃጅ ነጂዋ አገሬ ነበረች፤ ምክርዋም ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ ቅቤ የማያለዝበው ነገር የለም፤ ራስ ቢሆን፣ ቆዳ ቢሆን፣ ይሄማ ምን አላት!» እርሳቸውም ሙሉ ማንኪያ ለጋ ቅቤ አስመጥተው ሁለቱን ፔዳሎች ቀቡ፤ ወደ ደብረ ወርቅ በሚወስደው መንገድም ገሰገሱ። የተከተላቸው ሠራዊት ይህ ነው፦ በመጀመሪያ የሥጋ ቤቱ ቀይ ውሻ፤ ቀጥሎ የመናኸሪያው ጆሮ ቆራጣ፤ ከዚያ ስማቸው ያልታወቀ ሦስት ወንድማማቾች፤ በግራ ክንፍ አንዲት እናት ከነቡችሎችዋ፤ ከሁሉ ኋላ የአገሬ ባጃጅ፣ በውስጡም እኔ መዝገቤን ታቅፌ፣ ከእኔም ጋር ሁለት ዶሮዎች፤ የዶሮዎቹ ጉዳይ ግን ገበያ ነበር። ሠራዊቱ ሁሉ የሚከተለው ሰውየውን ሳይሆን ቅቤውን እንደ ነበር የሚናገሩ አሉ። ያም ሆነ ይህ፣ ከተማው ሳያልቅ አቧራ በቅቤው ላይ ተለጠፈ፣ በመጀመሪያው ዳገት ላይም እግራቸው ከፔዳሉ ሸሽቶ ወጣና ፔዳሉ ዞሮ ቅልጥማቸውን ላጠው። ሲጢጥታውም ተመለሰ፤ አሁን ደግሞ ወፍሮ ነበር።

በዚህ ጊዜ ጀግናው ኀዘን ገባቸው፤ ብስክሌቲቱንም ግድግዳ ላይ አስደግፈው ለረጅም ሰዓት አዩዋት። ያን ጊዜ ወይዘሮ ባንቺዓለም አቶ ወልደ ኪዳንን አስጠሩ። አቶ ወልደ ኪዳን በድንበርና በግጦሽ የተጣላ ሲያስታርቁ ያረጁ፣ ፍርዳቸው እስከ የጁቤ የተሰማ ሽማግሌ ናቸው፤ ብስክሌት ላይ ግን ተቀምጠው አያውቁም። መጥተውም በርጩማ ላይ ተቀመጡ፣ ነገሩን ሰሙ፣ ምርኩዛቸውን ተከሉ፣ እንዲህም ሲሉ ፈረዱ፦ «ሁለት ተጣልቶ የሚጮኸውን አንድ ላይ ጠይቃችሁ እውነት ልታገኙ ነው? ለየብቻ ይሰማ! መጀመሪያ ፔዳሉ ያለ ጫማው ቃሉን ይስጥ።»

ይታገስም ሸራ ጫማ አድርገው ግቢውን በብስክሌት ዞሩ፤ ፔዳሉ ጭጭ አለ። ቀጥሎ ቀኝ እግራቸውን ብቻ በክሊት አስገብተው ዞሩ፤ አሁንም ጭጭ። በመጨረሻ ግራውን ብቻ አስገብተው ዞሩ፤ ሲጢጥ! ወልደ ኪዳንም ምርኩዛቸውን አነሡና፦ «ተገኘች! ፔዳሉ ሦስት ዓመት በሐሰት ተከስሶ ኖሯል። የግራዋን ጫማ ገልብጧት!» ሲሉ አወጁ።

በተገለበጠች ጊዜ ከሦስቱ ብሎኖች አንዱ ላልቶ፣ ከክሊቲቱም ሥር የጤፍ እብቅ ከቅቤና ከአቧራ ጋር ተጋግሮ ተገኘ። ጀግናው በየገጠሩ ከብት ሲከትቡ በብስክሌት ሄደው፣ ከነጫማቸው አውድማ ይረግጡ ኖሯል። ሽማግሌው ይህን ባዩ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ፤ እንዲህም ሲሉ ገሠጹ፦ «አውድማ በጫማ አይገባም ብለው አባቶች የደነገጉት ለማን መሰለህ? የአውድማን ክብር የደፈረ እህሉ እግሩ ሥር ገብቶ ይከስሰዋል። በል፣ እጠብ፣ እሰር፣ አስታርቅ!» ከብት ሐኪሙም አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያም በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እብቁን አጠቡ፣ ብሎኖቹን በተራ በተራ አጠበቁ፣ ክሊቲቱ ፔዳሉን የምትነካበትን ቦታ ሁሉ በጧፍ ቁራጭ አሹ። ዞሩም። ወኮነ ዛሕነ ዐቢየ፤ ታላቅ ጸጥታ ሆነ። ወይዘሮ ባንቺዓለም ከጓዳ ወጥተው እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ ጆሯቸውን እስከ መንኰራኵሩ አስጠጉ፤ ሕፃኑም ተኝቶ ዋለ።

ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ ግን ጀግናው የተላጠ ቅልጥማቸውን ዳሰሱ፤ ዳገት ላይ ዳግመኛ እግራቸው እንዳይሸሽ ብለውም፣ የፔዳሉን ንክሻ የምታጠብቀውን ብሎን በግራውም በቀኙም ፔዳል አልዞር እስክትል ድረስ አዞሩዋት። ሞክረው ይውጡ አይውጡ አላዩም። ጸሐፊው በዚህ ላይ የሚለው የለም፤ ጀግና ያደረገውን መጻፍ እንጂ መምከር ሥራው አይደለም።

የግልቢያው ቀን ደረሰ። ደብረ ወርቅን ሲያልፉ ብዙው ጋላቢ ወደ ኋላ ቀረ፤ ሞጣ ስትቃረብ ሰጠኝ ብቻውን ከፊት ነበረ። እንደ አዋጁም ኋላውን አላየም፤ ጆሮውን ጣለ፤ ከነፋስ በቀር አልሰማም። ስለዚህ ተዝናና፤ ውኃ ጠጣ፣ ሙዝ ላጠ፣ በመንገድ ዳር ለቆሙት የእናቱ ጎረቤቶች እጅ ነሣ፣ ስለ ጤናቸውም ጠየቀ። ይታገስ በዚያ ሰዓት በስተኋላው ከኮርቻ ተነሥተው፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ ያለ አንዳች ድምፅ ይመጡ ነበር። አጠገቡ ሲያልፉ ሰጠኝ ሙዙን በአፉ እንደ ያዘ ቀረ። እግሩን እስኪሰበስብ ድረስ ሦስት ብስክሌት ያህል ተቀደመ፤ ያም ርቀት እስከ መጨረሻው መስመር አልጠበበም። ወኮነ ፍሥሐ ዐቢይ በሀገረ ሞጣ።

ጀግናው መስመሩን አልፈው ቆሙ። እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሡ፤ ተረከዛቸውን ጠመዘዙ፤ እግራቸው አልወጣም። ደግመው ጠመዘዙ፤ አልወጣም። ያን ጊዜ ለሞጣ ምድር ካላቸው ፍቅር የተነሣ፣ ከነብስክሌታቸው ወደ ቀኝ ቀስ ብለው ዘንበል አሉና በመላ አካላቸው ሰገዱ። የሞጣ ሰዎች «ወደቁ» ይላሉ፤ ይህ የምቀኛ ወሬ ነው። በተኙበትም ሁለት እግራቸው እንደ ተነከሰ ቀረ፣ ሕዝቡም ከበባቸው፣ ፊታቸው ቀላ፤ ድሉ ከእጃቸው እየወጣ እንደ ሆነ ገባቸው፤ ለሰጠኝ እናት ቤት ምሳ ከበፊቷ የምትብስ ወሬ ተወልዳ ነበርና፣ ስምምነቱም ስለ መውደቅ የሚለው አንድም ቃል አልነበረውም።

ሰጠኝ ደረሰ። ብስክሌቱን ጣለ፤ አየ፤ ሁሉ ሰው ሳቁን ሲጠብቅ ተንበረከከ። የአማቹን ጫማ ማሰሪያ አንድ በአንድ ፈታ፣ እግሮቻቸውንም አውጥቶ አነሣቸው። ጫማዎቹ በፔዳሉ ላይ ቀሩ። ብስክሌቲቱን ከነጫማዎቿ በትከሻው ተሸከመና፣ ይታገስን በካልሲያቸው ከፊት አስቀድሞ ወደ እናቱ ቤት ወሰዳቸው።

ምሳ ቀረበ። ወይዘሮ የሺእመቤት እንደ ልማዳቸው ልጃቸውን እንዴት ሆነ ብለው ጠየቁ፤ ነጠላቸውንም አስቀድመው አዘጋጁ። ያን ጊዜ ሰጠኝ፣ ከዚህ ቃል ወዲህ በአክብሮት እጽፋቸዋለሁ፣ እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ቀደመኝ፣ እማዬ። ሳልሰማው ቀደመኝ። ሌላ ወሬ የለም።» የመጀመሪያውንም ጉርሻ ለአማቻቸው አጎረሱ። ወይዘሮ የሺእመቤት ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱ፤ ጀግናውም ጎርሰው፣ አንገታቸውን አቀርቅረው ቀስ ብለው አኘኩ። እኔም በበሩ ሥር ቆሜ ሳለሁ ዓይኔ አቧራ ገባበት።

ክብር ይሁን ለይታገስ ዳምጤ፣ ዳገትን ያለ ድምፅ ለወጡ፣ በመስመሩ ላይ ሳይሸነፉ ለሰገዱ፣ ጫማቸው ከብስክሌታቸው ጋር ደጅ ቀርቶ በካልሲያቸው ወደ አማታቸው ቤት ገብተው ከሁሉ በላይ ለተቀመጡ!